የበዓሉ በግ ቆዳ የት ይሂድ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዓምድ መልስ የሚሰጡት በቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ከጥሬ ቆዳ መረከቢያ እስከ ደረጃ መለያ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ነው። በየበዓሉ እንደ አቅማችን አንድ በግ እናርዳለን። እናቴ ቤት ሳለሁ ሥጋው ተዘልዝሎ ሳያልቅ «ቆዳ አለ!» የሚል ልጅ በራችን ላይ ይደርስ ነበር፤ እናቴም ተከራክራ ትሸጥና የበርበሬ ማስፈጫ ታደርገዋለች። ያለፈው ፋሲካ ግን ቆዳውን በማዳበሪያ ጠቅልለን ደረጃ ሥር አስቀመጥነው፤ ማንም አልጠየቀንም። በሦስተኛው ቀን ሸተተ፣ ጎረቤት ተቆጣ፣ አውጥተን ገንዳ ውስጥ ጣልነው። ገንዳው ዙሪያ የተከመረውን ቆዳ ሳይ ዘገነነኝ። «ይህን ሁሉ ሀብት!» ስል ባለቤቴ «ገዢ የሌለው ነገር ሀብት አይባልም» አለኝ። እውነት ዋጋ የለውም? ካለውስ እኔ ከአራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ምን ላድርግ?
ት.፣ ከአያት

መልስ

ልጄ፣ ባለቤትሽ ገንዳው ጋ ስላያችሁት ቆዳ ከሆነ የተናገረው እውነቱን ነው፤ ያ ቆዳ አልቆለታል። ጠዋት ከበጉ ላይ ሲገፈፍ ግን ዋጋ ነበረው። ዋጋውን ያጣው ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ፣ በእናንተው እጅ ሳለ ነው። ስለ ቆዳ ሲወራ ሁሉም ጣቱን ወደ ፋብሪካና ወደ ነጋዴ ይቀስራል፤ እነሱም ድርሻ አላቸው፣ እመጣበታለሁ። ነገር ግን በመረከቢያ በር ቆሜ ከመኪና ላይ የሚወርደውን ቆዳ ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝና የምነግርሽ ያየሁትን ነው፤ አብዛኛው ጉዳት እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያለቀ ነው።

ቆዳ ከተገፈፈም በኋላ እንደ ሥጋው ነው። እርጥብ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ደም አለበት፤ ባክቴሪያ የሚፈልገው ሁሉ ተሟልቶለታል። ሥጋውን ቶሎ ብለሽ ፍሪጅ ታስገቢያለሽ ወይም ቋንጣ ትሰቅያለሽ፤ ቆዳው ግን ማዳበሪያ ውስጥ ታፍኖ ይቀመጣል። ማዳበሪያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሙቀቱንም እርጥበቱንም ይዞ ያስቀረዋል። እኛ በመረከቢያ የመጀመሪያ ሥራችን ቆዳውን ዘርግተን ጭራው ሥርና ብብቱ አካባቢ ያለውን ፀጉር በሁለት ጣት ይዘን ሳብ ማድረግ ነበር። ፀጉሩ ከሥሩ ተነቅሎ ጣታችን ላይ ከቀረ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ከላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ኖራ ውስጥ ገብቶ ፀጉሩ ሲረግፍ ግን ፊቱ ተበልቶ፣ በጥቃቅን ጉድጓድ ተሞልቶ ይወጣል። ያንን ምንም ኬሚካል አይመልሰውም።

መድኃኒቱ ጨው ነው። ከተገፈፈ በሦስትና በአራት ሰዓት ውስጥ፣ እንደ ሞጆና አዋሽ ባለው ሞቃት አገር ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ መነስነስ አለበት። የደጋ በግ እርጥብ ቆዳ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ኪሎ ገደማ ጨው ይበቃዋል። የወጥ ቤት ጨው ይሆናል፤ አዮዲን ቢኖረው ባይኖረው ለቆዳው ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ደሙንና ፈርሱን በንጹሕ ውኃ አጥበሽ አንጠፍጥፊው። የተንጠለጠለ ሥጋና ሞራ ካለ ቆዳውን ሳትነኪ አንሺለት፤ ጨው በስብ ውስጥ አያልፍም። ከዚያ ፀጉሩን ወደ ታች፣ የሥጋውን ወገን ወደ ላይ አድርገሽ ጥላ ቦታ ላይ ዘርጊውና ጨውን በእጅሽ መዳፍ እያሸሽ አዳርሺው። ሰው መሀሉን በደንብ ጨው አድርጎ ጠርዙን ይረሳል፤ የሚበሰብሰው ግን መጀመሪያ ጠርዙ ነው። አንገቱን፣ እግሩን፣ የተጠቀለለውን ዳር ሁሉ እየገለጥሽ አልብሺው። ውኃው እንዲወርድ ዘንበል ያለ ሳንቃ ወይም ካርቶን ላይ ይሁን። በረንዳሽ ላይ አንድ ጥላ ጥግ ይበቃል። በዚህ ሁኔታ የተያዘ ቆዳ ገዢ እስኪገኝ ሳምንታት ይቆይልሻል፤ ጎረቤትሽንም አያስቆጣም።

ፀሐይ ላይ አታስጪው። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፣ ደረቀልኝም ይላል። ላይኛው ፊቱ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እንደረጠበ ይቀራል፤ መሀሉ ይበስላል። ፋብሪካ ውስጥ ውኃ ሲነካው እንደ ሙጫ ይሟሟል።

ሌላው ቢላ ነው። በበዓል ቀን በየደጁ የሚገፍፈው አብዛኛው ሰው ሥራው ሌላ የሆነ፣ ለዚያች ቀን ቢላ ያነሳ ነው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየሮጠ ስለሚሠራ ለቆዳው አይጠነቀቅም፤ አይፈረድበትምም፣ የሚከፈለው ለሥጋው ነው። እኛ ጋ ቆዳው ለፍቶ፣ ሰማያዊ ሆኖ ከሚሽከረከረው የእንጨት በርሜል ሲወጣ፣ ዌት ብሉ የምንለው ማለት ነው፣ በመብራት ጠረጴዛ ላይ ስንዘረጋው ቢላዋ የነካካው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዳንዱ ያልበሳው ጭረት ነው፤ ግን ጓንት ሲሰፋ ከዚያ ላይ ይቀደዳል። ስለዚህ በጉ በኋላ እግሮቹ ይሰቀል። በቢላ የሚቀደደው ከደረት እስከ ሆድ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መስመርና የእግሮቹ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላውን በጡጫና በክርን እየገፉ ማላቀቅ ይቻላል፤ የበግ ቆዳ ገና ሙቅ ሳለ በጡጫ ይታዘዛል። ገፋፊውን ከመጀመሩ በፊት «ቆዳውን እፈልገዋለሁ፣ ሳትነካካ አውጣልኝ፣ የድካምህን እጨምርልሃለሁ» በይው። ያቺ አንድ ቃል ሥራውን ትለውጠዋለች።

የምንጥለው ምን ዓይነት ቆዳ እንደሆነ ብታውቂ ይበልጥ ያንገበግብሽ ነበር። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ፣ ፊቱም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በዓለም ገበያ ለእጅ ጓንት፣ በተለይም ለጎልፍ ጓንት፣ ተመርጦ የኖረ ነው። የባቲ ፍየል ቆዳም እንዲሁ፣ ውስጡ ንጹሕና እንደልብ የሚተጣጠፍ ስለሆነ ሱዊድ ለሚባለው፣ ፊቱ እንደ ከፋይ ለሚለሰልሰው ቆዳ ይፈለግ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የተደረገው የእንስሳት ቆጠራ ናሙና በአገራችን ወደ 70 ሚሊዮን የቀንድ ከብት፣ ከ40 ሚሊዮን በላይ በግና ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል እንዳለ አሳይቷል። ይህን ይዘን ፋብሪካዎቻችን ደኅና ቆዳ አጣን ይላሉ። አብሬያቸው ስለሠራሁ ሰበብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቆዳ አልጠፋም፤ ደረጃ ያለው ቆዳ ነው የጠፋው።

ወደ ገበያው ልምጣ። «ቆዳ አለ!» የሚለው ልጅ ለምን ጠፋ? ልጁ ገዝቶ ለሰፈር ሰብሳቢ ይሰጥ ነበር፣ ሰብሳቢው ለመጋዘን፣ መጋዘኑ ለፋብሪካ። በዚህ ሰንሰለት ላይ የጨው ዋጋ የማን እንደሆነ ተለይቶ አያውቅም። ልጁ «ከሰዓት በኋላ እሸጠዋለሁ» ብሎ ጨው አያደርግም፤ ሰብሳቢውም «ማታ ይጫናል» ይላል። ጨው የሚያገኘው ሦስተኛው እጅ ላይ፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ዋጋው ጥሩ በነበረ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ብክነት ተርፎም ለሁሉም ይደርስ ነበር። በኋላ የዓለም የቆዳ ዋጋ ወረደ፣ ጫማውም ቦርሳውም ሰው ሠራሽ ሆነ፣ ኮሮናም ተጨመረበት። ፋብሪካዎቹ ደግሞ ኬሚካሉን የሚያመጡት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ምንዛሪ ሲጠፋ መግዛት ያቆማሉ።

ከዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ በሚላክበት ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ዓላማው ያለቀለት ቆዳ፣ ጫማና ጓንት አገር ውስጥ እንዲሠራ ነበር፤ እኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም ዓላማውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ጥሬ ቆዳ መውጫው አንድ በር ብቻ ከሆነ ያ በር በተዘጋ ቁጥር ቆዳው መንገድ ላይ ይቀራል። ፋብሪካ ገንዘብ ባጠረው ወር ቆዳውን ጨው አድርጎ የሚያቆይ መጋዘን በየወረዳው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ቆዳ ገንዳ ውስጥ አይገባም ነበር። ጨውና ጥላ ያለው ቤት ትልቅ መዋዕለ ንዋይ አይደለም።

አንቺ ከአራተኛ ፎቅ ምን ታደርጊያለሽ ላልሽው፣ አንድ ቆዳ ይዘሽ ገዢ ፍለጋ አትውጪ፤ የታክሲሽን አይከፍልም። ብሎካችሁ ስንት አባወራ አለው? ግማሹ ቢያርድ እንኳ በአንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ሊጭነው የሚገባ ቆዳ ይወጣል። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት የዕድራችሁን ወይም የነዋሪዎች ማኅበራችሁን ሰብሳቢ አነጋግሪ፤ ሁሉም ጨው አድርጎ ምድር ቤት አንድ ቦታ ያኑር፣ ከቆዳ ነጋዴም ጋር ቀን ይያዝ። ዋጋው ትንሽም ቢሆን ለዕድሩ ይግባ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁም የዑድሒያን፣ የአረፋ መሥዋዕት ማለት ነው፣ ቆዳ ሸጠው ለራሳቸው አይጠቀሙበትም፤ ለችግረኛ ግን ይሰጣሉ፣ ወይም ለቤታቸው ያውሉታል። ለአረፋ ይኸው ቦታ ይሆናቸዋል።

ሽያጩ ካልሆነልሽ አጎዛ አድርጊው። ጨው ውስጥ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ በሳሙና ፀጉሩን በደንብ እጠቢ፤ ሙቅ ውኃ እንዳይነካው፣ ይሸበሸባል። የእንጨት ፍሬም ላይ በገመድ ወጥሪው፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ በፊት፣ ገና እርጥበት ሳለው፣ የሥጋውን ወገን በደነዘ ቢላ ፋቂው፣ ጥቂት የኑግ ዘይት እየቀባሽ በእጅሽ እሺው፣ እጥፍ ዘርጋ አድርጊው። እጅ ያደክማል፤ ለስላሳነቱ ግን የሚመጣው ከዚያ ማሸት ነው። በገጠር የእምቧይ ፍሬ ጨፍልቀው የሚያለፉ አሉ፤ እምቧይ መርዛማ ስለሆነ ልጆች ባሉበት ቤት አልመክርሽም። በቤት የተሠራ አጎዛ በፋብሪካ እንደ ለፋው ስላልሆነ ውኃ ካገኘው ይሸታል፤ ደረቅ ቦታ አንጥፊው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ስልቻው፣ አቁማዳው፣ አንቀልባው፣ ጠፍሩ፣ የከበሮው ፊት፣ መጽሐፉ የተጻፈበት ብራና፣ ሁሉም ከዚሁ ቆዳ የወጣ ነው። ይህን የሚሠሩ ሰዎች ግን በአገራችን ሲናቁ ኖረዋል፤ ከእነሱ ጋር ማዕድ መቁረስ፣ መጋባት እንኳ ነውር ይባል ነበር። ልጆቻቸው ሙያውን ሸሹት፣ መሸሻቸውም የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ዛሬ ከተማ ውስጥ ቆዳ አልፍቶ አጎዛ የሚያደርግልሽ ሰው ብትፈልጊ የምታጪው ለዚህ ነው። ካገኘሽው ግን የጠየቀሽን ክፈይው፤ የዋጋ ክርክር የማይገባው ሥራ ነው።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልን እመቤቴ። እኔ መንዝ ውስጥ በግ አርቢ ነኝ። በጎቼን በደንብ አበላለሁ፣ አሳክማለሁም። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ያደለብኳቸውን ለሆቴል ሸጬ ቆዳቸውን ግን ለራሴ አስቀርቼ ነበር። ጨው አድርጌ፣ ያለ አንዲት ቢላ ጭረት ወሰድኩ። ነጋዴው ግን «የመንዝ በግ እከክ አለበት» ብሎ ከሁሉ ባነሰ ዋጋ ወሰደብኝ። እኔ እከክ አላየሁም። ተታልዬ ይሆን?
አ.፣ ከመንዝ

መልስ

ጌታዬ፣ ስለ አያያዝዎ እግዚአብሔር ይስጥዎ፤ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ቢበዛልን የት በደረስን። ነጋዴው ያታለለዎት አይመስለኝም፤ ስለ እርስዎ ቆዳ ግን በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም ነበር። እከክ ፀጉር ያለበት ቆዳ ላይ አይታይም። ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው ሲለፋ ብቻ ነው እንደ ሽፍታ የተበተኑ ጥቃቅን ነጥቦች ሆኖ የሚወጣው። እኔ ጠረጴዛ ላይ የማየው ነበር፤ ከደጋ የመጣ፣ አያያዙ የሚያምር ቆዳ ሲገለጥ አንገቱና ጎኑ በነጥብ ተሞልቶ ሲገኝ ያንገበግባል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ከአንድ አካባቢ የመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ዝቅ አድርጎ ይገምታል፤ የእርስዎ ንጹሕ ቆዳ ከሌላው ጋር አብሮ ተቀጣ።

መነሻው የበግ ቅማልና ደም የሚመጠው ክንፍ የሌለው የበግ ዝንብ ናቸው። በጉ ሲያሳክከው ከድንጋይና ከአጥር ጋር ሲታከክ፣ ፀጉሩን በጥርሱ ሲጎትት አይተው ይሆናል። ያንን ምልክት እንደ ትንሽ አይቁጠሩት። ብርድ ወቅትና በጠባብ ጋጥ ተፋፍገው የሚያድሩበት ጊዜ ይብሳል። ስለዚህ ከማደለብዎ በፊት፣ ሊሸጡት ካሰቡበት ቀን ወራት አስቀድመው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳይተው ያስረጩ ወይም መድኃኒት ውስጥ ያስነክሩ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ እንቁላሉ መድኃኒቱን ያልፈዋልና ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይደገም። ቆዳው እንዲያገግም ጊዜ ይፈልጋል፤ በዓሉ ሲቃረብ ማስረጨት ለበጉ ዕረፍት ይሰጠው እንደሆነ እንጂ ለቆዳው አይደርስም። ከመድኃኒቱ በኋላ ሥጋው ለመብል የሚሆነው በስንት ቀን እንደሆነም ባለሙያውን ይጠይቁ።

ብቻዎን ቢያስረጩ ደግሞ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በጎችዎ ግጦሽ ላይ ከጎረቤት በጎች ጋር ይቀላቀላሉ። የመንደሩ መንጋ በአንድ ቀን ይረጭ ብለው ቀበሌውን ይወትውቱ። የአንድ መንደር በጎች አብረው ከታከሙ፣ ቆዳቸውም ተለይቶ በአንድ ጊዜ ከተሸጠ፣ ያን ጊዜ ነጋዴውን «በፋብሪካ አስለፍተህ ነጥቡን ቁጠርና ክፈለን» ማለት ትችላላችሁ። ፀጉሩንም አይጣሉ፤ የመንዝ በግ ፀጉር በአገራችን ከሚፈተሉት ጥሩው ነው፣ ባና እና ዝተት የሚባሉትን የበግ ፀጉር ሥራዎች የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም አሉ።

ጥያቄ

ቅርጫ የምንገባ ስምንት ሰዎች ነን። የበሬውን ቆዳ ሁልጊዜ ለአራጁ እንተውለታለን። ያለ ጥቅም የምንተወው ነገር ሆኖ ተሰማኝና ልጠይቅዎት ብዬ ነው።
ከአዳማ

መልስ

መተዋችሁ ክፉ አይደለም፤ ቆዳው የእሱ መሆኑን አስቀድሞ ካወቀ ተጠንቅቆ ይገፍፋል። ችግር የሚመጣው ቆዳውን የሚሸጥበት ሲያጣና ለእሱም ለእናንተም የማይፈለግ ሲሆን ነው። ያኔ ሁለት ነገር አድርጉ። ዋጋውን በገንዘብ ተስማሙና ቆዳው ሳይቀደድ ከወጣ ጭማሪ እንዳለው ንገሩት። ከዚያም ከእናንተ አንዱ፣ በጨረታም ይሁን በዕጣ፣ ቆዳውን ይረከብ፤ የሁሉም የሆነ ቆዳ ማንም ጨው አያደርግለትም።

የበሬ እርጥብ ቆዳ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ስለሚመዝን ከ5 እስከ 8 ኪሎ ጨው አስቀድማችሁ ግዙ። ሻኛውና አንገቱ ወፍራም ስለሆነ እዚያ ላይ አብዙለት፤ በማግስቱ ደግሞ ውኃው የወረደበትን ቦታ አይታችሁ ድገሙት። ጆሮውን፣ ከንፈሩንና ሰኮናውን ቆርጣችሁ ጣሉ። ጅራቱንም ሰንጥቃችሁ አጥንቱን አውጡለት፤ አጥንቱ ውስጥ ከቀረ ሽታው የሚጀምረው ከዚያ ነው።